የቴኖችቲትላን ውድቀትና ሦስት ምስክሮቹ፤ ለታሪክ መምህራን የቀረበ ሂሳዊ ንባብ

አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ አህጉር ያደረጉት የመጀመሪያ ጉዞና ያቋቋሙት ቅኝ ግዛት በዓለም ታሪክ ትምህርት ውስጥ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ተጠቃልሎ ይነገራል። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1492 ውቅያኖስ ተሻግሮ ደረሰ፤ ኤርናን ኮርቴስ በ1519 ጥቂት መቶ ሰዎች አስከትሎ ሜክሲኮ ገባ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ታላቁን የአዝቴክ መንግሥት ገለበጠ ይባላል። ለድሉ የሚሰጠው ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይነገራል፤ ፈረሱና ጠመንጃው፣ እንዲሁም የአገሬው ንጉሥ እንግዶቹን አማልክት መስለውት መደንገጡ። ተማሪው ይህን ይዞ ለፈተና ይቀመጣል፤ ፈተናውንም ያልፋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ከእንዲህ ያለው አተራረክ ተማሪ የሚቀስመው ስለ ሜክሲኮ ብቻ አይደለምና። ሕዝቦች የሚወድቁት የዋሆችና አጉል አማኞች በመሆናቸው ነው፣ ጥቂቶች ብዙዎችን የሚገዙትም በአእምሮ ስለሚልቁ ነው የሚል ፍርድ ሳይታወቀው በልቡ ያድራል። የከፋው ደግሞ ፍርዱ በማስረጃ ያልተደገፈ መሆኑ ነው። ይህንን ለማሳየት አዲስ ግኝት መጠበቅ አያሻም፤ ከጥንት ጀምረው የሚታወቁ ሦስት ጽሑፎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይበቃል። እነዚህም ኮርቴስ ለንጉሡ የላካቸው ደብዳቤዎች፣ ከወታደሮቹ አንዱ የነበረው በርናል ዲያስ ዴል ካስቲዮ የጻፈው መጽሐፍ፣ እንዲሁም የፍራንሲስካን መነኩሴው በርናርዲኖ ዴ ሳአጉን ከናዋ ተወላጆች ጋር ያዘጋጀው ታላቅ ሥራ አሥራ ሁለተኛ መጽሐፍ ናቸው።

በቅድሚያ ደብዳቤዎቹን እንመልከት። ለያዝነው ጉዳይ ዋናዎቹ በኦክቶበር 1520 የተጻፈው ሁለተኛውና በሜይ 1522 የተጻፈው ሦስተኛው ናቸው። ሁለተኛው በ1522 በሴቪል ከተማ ታተመ፤ በ1524 ደግሞ በኑረምበርግ በላቲን ተተርጉሞ ከቴኖችቲትላን ካርታ ጋር ወጣ። የአውሮፓ አንባቢ ስለዚህች በሐይቅ መካከል ስለተሠራች ከተማ ብዙውን ነገር መጀመሪያ ያወቀው ከድል አድራጊው ከራሱ አፍ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ድል አድራጊ ብቻ ሳይሆን ተከሳሽም ነበር። ኮርቴስ ከኩባ ሲነሣ ከአገረ ገዥው ከዲየጎ ቬላስኬስ የተሰጠው ሥልጣን አገሩን እንዲያስስና እንዲነግድ እንጂ እንዲያቀና አልነበረም፤ ያንንም ሥልጣን አገረ ገዥው ሊሽረው ሲያስብ ነበር የወጣው። ባሕሩ ዳር እንደ ደረሰ ቬራክሩዝ የተባለች ከተማ መሥርቻለሁ አለ፤ ለከተማይቱ ሸንጎ አቋቋመ፤ ሸንጎውም መልሶ እርሱን ሾመው። በኩባው ገዥ ዓይን ይህ ሁሉ አመፅ ነው። እንግዲህ ደብዳቤዎቹ የጉዞ ማስታወሻ ሳይሆኑ፣ አንድ ሰው አንገቱንና ያገኘውን ሀብት ለማትረፍ በንጉሡ ፊት ያቀረባቸው የመከላከያ ጽሑፎች ናቸው። በትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ እንደ ዘገባ ይነበባሉ።

የዚህ ውጤት ጎልቶ የሚታየው በዝነኛው የሞክቴሱማ ንግግር ላይ ነው። (በብዙ መጻሕፍት ሞንቴዙማ ተብሎ የሚጠራው ነው።) ኮርቴስ እንደሚለው፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1519 ወደ ከተማይቱ በገባ ጊዜ ሞክቴሱማ አባቶቹ ከሌላ አገር የመጡ መሆናቸውን፣ የቀድሞ ጌታቸውም ወደ ፀሐይ መውጫ መሄዱን ተናግሮ፣ እንግዶቹን የላከው ንጉሥ ያ ጌታ መሆን አለበትና አገሩ በእጃችሁ ነው ብሏል። ለተከሳሽ ከዚህ የተሻለ ቃል ሊገኝ አይችልም። ንጉሡ በፈቃዱ ካስረከበ በኋላ የሚነሣው ሰው ሁሉ አገሩን የሚከላከል ሳይሆን የሚያምፅ ይሆናል፤ ከተማይቱን ማጥፋትም ወረራ መሆኑ ይቀርና ቅጣት ይባላል።

ንግግሩ በምን መንገድ ለጸሐፊው እንደ ደረሰም መዘንጋት የለበትም። ማሊንትሲን የተባለችው ወጣት ናዋትልንና ማያኛን ታውቃለች፤ ሄሮኒሞ ዴ አጊላር የተባለው ስፔናዊ በማያ ሰዎች ዘንድ ለዓመታት ስለኖረ ማያኛውን ወደ ስፓኒሽ ይመልሳል። ዘመቻው የተጀመረው በዚህ ሰንሰለት ነው፤ እርሷ ስፓኒሽ እስክትለምድ ድረስም ቃል ሁሉ የሚያልፈው በሁለት አንደበት ነበር። በዚያ ላይ የናዋ መኳንንት አነጋገር ትሕትናን አብዝቶ ራስን ዝቅ፣ እንግዳን ከፍ የሚያደርግ ነበር። ይህንን ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ማስረዳት አስቸጋሪ አይመስለኝም። «ቤቱ የእርስዎ ነው» ብሎ እንግዳውን ከላይ የሚያስቀምጥ ባለቤት ርስቱን አላስረከበም፤ ይህን ቃል በፍርድ ቤት እንደ ስጦታ ውል የሚያቀርብ እንግዳ ቢኖር ምን እንደሚባል ተማሪው ያውቀዋል።

አማልክት ስለ መባላቸውስ? በዚሁ በኮርቴስ ደብዳቤ ውስጥ ሞክቴሱማ ልብሱን ገልጦ ሥጋውን እያሳየ፣ እኔም እንደ እናንተ ሟች ሰው ነኝ ሲል እናገኘዋለን። ኮርቴስ ራሱን ኬትሳልኮአትል የተባለው አምላክ ነው ብለው ተቀበሉኝ የሚል ቃል በየትም ቦታ አልጻፈም፤ ቢባልለት ኖሮ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ይህ ታሪክ እየጎላ የመጣው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምስክር በርናል ዲያስ ነው። በወጣትነቱ የዘመተ፣ በእርጅናው ጓቴማላ ተቀምጦ ያየውን የጻፈ ሰው ነው። የእጅ ጽሑፉ በ1575 ወደ ስፔን ተላከ፤ እርሱ በ1584 ሞተ፤ መጽሐፉ በማድሪድ የታተመው ግን በ1632 ነው። የመጻፉ አንድ ምክንያት ቁጣ ነበር። የኮርቴስ ቄስ የነበረውና ሜክሲኮን በዓይኑ ያላየው ፍራንሲስኮ ሎፔስ ዴ ጎማራ በ1552 ባሳተመው ታሪክ የድሉን ክብር ሁሉ ለጌታው ሰጥቶ ስለነበር፣ ዲያስ ወታደሮቹስ የት ደረሱ ብሎ ተነሣ። ርእሱንም «እውነተኛው ታሪክ» ብሎ ሰየመው፤ ሐሰተኛው የማን እንደሆነ አንባቢ አይስተውም።

ከሦስቱ ጽሑፎች ለንባብ የሚጥመው ይኸኛው ነው። በመርከብ የተጫኑትን 16 ፈረሶች በቀለማቸውና በጠባያቸው አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ የትላቴሎልኮን ገበያ ሲገልጽ ሻጩና ሸቀጡ በዓይን ይታያሉ። ከዚያ ገበያ ሸቀጦች መካከል በቆሎውና ሚጥሚጣ መሰሉ ቃሪያ ኋላ ዓለምን ዞረው የእኛንም ማእድ መያዛቸውን መምህሩ ቢያነሣ ተማሪው ከጽሑፉ ጋር ዝምድና ያገኛል። ዲያስ ግን ንጹሕ ምስክር አይደለም። ገባሮች የተሰጡት ባለ ርስት ነበር፤ ለአሮጌ ዘማቾች የተሰጠው ዋጋ አነሰ የሚለው ሙግትም በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉ ይሰማል። ድካሙን፣ ቁስሉንና ፍርሃቱን የሚያበዛው ስላየው ብቻ ሳይሆን ካሣ ስለሚጠይቅበትም ነው።

የሁለቱ ልዩነት በቁጥር ሲመረመር የበለጠ ይገለጣል። በጁን 30 ቀን 1520 ሌሊት ስፔናውያን ከተከበቡበት ከተማ ሲሸሹ ብዙዎች በሐይቁ ውስጥ ቀሩ። ኮርቴስ ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ የሞቱትን ስፔናውያን 150 ያደርጋቸዋል። ዲያስ በአምስት ቀን ውስጥ ያለቁት ከ860 በላይ ናቸው ይላል። እርግጥ ዲያስ ከሽሽቱ በኋላ የሆነውንም ውጊያ ጨምሮ ይቆጥራል፤ ነገር ግን ይህ ብቻ ልዩነቱን አይሞላውም። አንደኛው ሹመቱ ገና ያልጸደቀለት አዛዥ ነው፤ ሁለተኛው የሚከፈለውን ዋጋ የሚቆጥር አሮጌ ወታደር ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ስለ ታሪክ ማስረጃ ከሚሰጥ ረጅም ንግግር ይልቅ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ቢጻፉ የሚያስተምሩት ይበልጣል።

ሦስተኛው ምስክር አንድ ሰው አይደለም። ሳአጉን በ1529 ሜክሲኮ ደረሰ፤ በ1536 በትላቴሎልኮ በተከፈተው የሳንታ ክሩስ ኮሌጅ ናዋትል፣ ስፓኒሽና ላቲን ከተማሩ የአገሩ ልጆች ጋር ለዓመታት ሠራ። ከእነርሱም አንቶኒዮ ቫሌሪያኖ፣ አሎንሶ ቬኸራኖ፣ ማርቲን ሃኮቢታና ፔድሮ ዴ ሳን ቡዌናቬንቱራ በስም ይታወቃሉ። ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ የሰሙትን በናዋትል ጻፉ። በአሥራ ሁለት መጻሕፍት ተከፍሎ ከ2,000 በላይ ሥዕሎች የያዘው ሥራ ዛሬ በፊሬንሴ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ከ2023 ጀምሮም ገጾቹ ሁሉ በኮምፒዩተር መረብ ለሕዝብ ተከፍተዋል። እያንዳንዱ ገጽ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ነው፤ በአንዱ ናዋትል፣ በሌላው ስፓኒሽ። ስፓኒሹ ብዙ ጊዜ ያጥራል፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ሥዕል ይሞላዋል። የስፔን ንጉሥ በ1577 እንዲህ ያሉ ጽሑፎች እንዲሰበሰቡና ወደ ስፔን እንዲላኩ ማዘዙ፣ ባለሥልጣኖች ይህን ምስክርነት እንዴት እንዳዩት ይናገራል።

የሦስቱን ጽሑፎች ዋጋ ለመመዘን በሜይ 1520 የሆነውን አንድ ነገር መውሰድ ይበቃል። ኮርቴስ እርሱን ሊይዝ የመጣውን ፓንፊሎ ዴ ናርቫኤስን ለመግጠም ወደ ባሕሩ ዳር በወረደ ጊዜ፣ በከተማይቱ የቀረው ምክትሉ ፔድሮ ዴ አልቫራዶ የቶሽካትልን በዓል ለማክበር በቤተ መቅደሱ ቅጥር የተሰበሰቡትን መኳንንትና ወጣቶች በሮቹን ዘግቶ አስፈጀ። ከተማይቱ በስፔናውያን ላይ የተነሣችው ከዚህ በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ይህንን ሲተርክ ከዘፈኑና ከጭፈራው ይጀምራል፤ ከዚያም ከበሮ መቺው በቅድሚያ እንደ ተመታ፣ እጆቹም እንደ ተቆረጡ፣ ሰው በየት በየት ሊሸሽ እንደ ሞከረ ይናገራል። ዲያስ ድርጊቱን አይክድም፤ አልቫራዶ ሊያጠቁኝ መክረዋል ብሎ ያቀረበውን ምክንያት ይዘግባል፤ ለወርቅ ሲል ነው የሚሉ መኖራቸውንም ይጠቅሳል፤ እርሱ ግን ያንን አላምንም ይላል። የኮርቴስ ሁለተኛ ደብዳቤ ስለ ፍጅቱ ዝም ነው። ሕንዶቹ ተነሡ፣ ምሽጉን አጠቁ ይላል፤ ለምን ለሚለው መልስ የለውም። በሞክቴሱማ ንግግር አገሩ በሰላም እንደ ተረከበ የተናገረ ሰው ለፍጅቱ ቦታ አይኖረውም።

በዚህ ተደስቶ አሥራ ሁለተኛውን መጽሐፍ ያለ ጥያቄ የሚቀበል አንባቢ ግን ሌላ ስሕተት ላይ ይወድቃል። ሽማግሌዎቹ በብዛት የትላቴሎልኮ ሰዎች ናቸው። ትላቴሎልኮ ከቴኖችቲትላን ጋር በአንድ ደሴት ላይ የኖረች፣ በ1473 በጎረቤቷ ጦር ተሸንፋ የተዋረደች ከተማ ናት። ስለዚህ በትረካው ሞክቴሱማ የሚንቀጠቀጥ ፈሪ፣ የመጨረሻዎቹ ጀግኖች ደግሞ የትላቴሎልኮ ሰዎች መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። ከስፔናውያን መምጣት በፊት ታዩ የሚባሉት ስምንት ምልክቶችም፣ ኬትሳልኮአትል ተመለሰ የሚለው እምነትም የሚገኙት በዚህ መጽሐፍ ነው። የተጻፈውም ከውድቀቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በመነኮሳት ትምህርት ቤት ባደጉ ወጣቶች እጅ ነው። አንድ ታላቅ መንግሥት እንዴት ወደቀ ብለው የጠየቁ ልጆች፣ አባቶቻቸውን ከማፈር ይልቅ ዕጣ ፈንታ ነበር ማለትን ቢመርጡ የሚያስገርም አይሆንም። ሳአጉን ራሱም በ1585 ይህን መጽሐፍ እንደ ገና አርሞ ለስፔናውያኑ የሚስማማ አድርጎ ጽፎታል።

የናዋ ጽሑፎችን ለሰፊው አንባቢ ያደረሰው ሚጌል ሌዮን ፖርቲያ በ1959 ያወጣው «የተሸናፊዎች እይታ» የተባለው ስብስብ ነው። ከእርሱ በኋላ ታሪኩን በአንድ ወገን ቃል ብቻ ማስተማር ይቅርታ የማይደረግለት ሆኗል፤ ይህ ታላቅ ውለታ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በእነዚያ ምልክቶች ይጀምራልና ብዙ አንባቢ ትንቢቱን እንደ ታሪክ ይዞ ወጥቷል። ርእሱም ራሱ ችግር አለው። ተሸናፊዎቹ እነማን ናቸው? የትላስካላ ሰዎች ከየትኛው ወገን ይቆጠራሉ?

የውድቀቱ ምክንያት የሚገኘው እዚህ ጥያቄ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። አዝቴክ የምንለው መንግሥት ቴኖችቲትላን፣ ቴስኮኮና ትላኮፓን የተባሉ ሦስት ከተሞች ኅብረት ነበር፤ ሌሎችን በጦር ያስገብር ነበር። ትላስካላ ግን አልገበረችም፤ ለዘመናት ከኅብረቱ ጋር ስትዋጋ ኖራ ነበር። በሴፕቴምበር 1519 ኮርቴስን መጀመሪያ ወጋችው፤ ከዚያ መዘነችና ወዳጅ አደረገችው። ከሌሊቱ ሽሽት በኋላ የቆሰሉትን ተቀብላ ያስታመመችም እርሷ ናት። ከተማይቱን ከሐይቁ በኩል ለመክበብ 13 የጦር ጀልባዎች ሲያስፈልጉ፣ እንጨቱ የተቆረጠው በትላስካላ ነው፤ ሳንቃውን በተራራ አሻግረው ወደ ቴስኮኮ ያመጡት 8,000 ያህል ተሸካሚዎች የአገሬው ሰዎች ናቸው። ኮርቴስ በሦስተኛው ደብዳቤ ሰልፉ ወደ ከተማው ገብቶ እስኪያልቅ ከስድስት ሰዓት በላይ ፈጀ ይላል። ከቴስኮኮም በኩል ኢሽትሊልሾቺትል የተባለው ልዑል ጦሩን ይዞ ከከባቢዎቹ ጋር ቆመ። ኮርቴስ በኤፕሪል 1521 የራሱን ሰዎች ሲቆጥር 86 ፈረሰኞች፣ 118 ቀስተኞችና ጠመንጃ ያዦች፣ 700 የሚያህሉ እግረኞች አገኘ፤ የአገሬው አጋሮች ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። «ጥቂት መቶ ሰዎች» የሚለው ቃል እንግዲህ የቁጥር ስሕተት ሳይሆን፣ ማን እንደ ሰው ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ትላስካላውያን በበኩላቸው በ1552 አካባቢ በትልቅ ሸማ ላይ ባሠሩት ሥዕል ራሳቸውን በድል አድራጊዎቹ ረድፍ አስቀምጠዋል፤ ማንም ተሸናፊ ሊላቸው እንደማይችል እርግጠኞች ነበሩ።

ሌላው ምክንያት በሽታ ነው። ፈንጣጣ ወደ አገሩ የገባው በ1520 ከናርቫኤስ ሰዎች ጋር ነው፤ በዚያው ዓመት በመከር ወራት ቴኖችቲትላንን መታ። ሞክቴሱማን የተካው ኩይትላዋክ ከነገሠ ሦስት ወር ሳይሞላ በዚሁ ሞተ። ኮርቴስ በሽታውን የሚያነሣው እግረ መንገዱን ነው። አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ግን ሰው እንዴት በመኝታው እንደ ቀረ፣ መዞር እንዳልቻለ፣ የሚያጎርሰው በመጥፋቱም ብዙው በረኀብ እንዳለቀ ይገልጻል፤ በምንጣፍ ላይ የተዘረጉ ሕመምተኞችን የሚያሳይ ሥዕልም አለበት። ኢትዮጵያ ከፈንጣጣ ነጻ የወጣችው በ1976 ነውና፣ ይህን ገጽ ለሽማግሌዎች ብናነብላቸው ማብራሪያ የማይፈልጉ ይኖራሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ከተማይቱ እጅ የሰጠችው የመጠጥ ውሃዋ ተቆርጦ ከሁለት ወር በላይ ስትከበብ ቆይታ፣ ቤት ለቤት ከተዋጋች በኋላ፣ ኦገስት 13 ቀን 1521 ነው። አማልክት መጡ ብሎ የተሸበረ ሕዝብ እንዲህ አይዋጋም።

ለመርሐ ትምህርት አዘጋጆች የሚቀርበው ሐሳብ ከዚህ የሚነሣ ነው። የሜክሲኮ መያዝ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ቦታ እንዲሰፋ አንጠይቅም፤ ክፍለ ጊዜው ጠባብ መሆኑ ይታወቃል። ከኮሎምበስ ጀምሮ ያሉትን ስሞችና ዓመቶች በመደርደር የሚያልፈው አንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ ለቶሽካትል በዓል ቢሰጥ ይበቃል። ከሦስቱ ጽሑፎች ስለዚያ ቀን የሚናገሩት ክፍሎች፣ ዝም ያለው የኮርቴስ ገጽ ጭምር፣ ሲተረጎሙ ከሦስትና ከአራት ገጽ አይበልጡም። ትርጉሙ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሳአጉንን ክፍል ከስፓኒሹ ዓምድ መተርጎም የሽማግሌዎቹን ቃል ግማሹን መጣል ነው፤ ከናዋትሉ በቀጥታ የተመለሰ የታመነ ትርጉም ተፈልጎ ከዚያ ወደ አማርኛ ቢመጣ ይሻላል። መምህሩም መልሱን አስቀድሞ ባይናገር መልካም ነው። ሦስቱን አስነብቦ፣ ኮርቴስ ስለ በዓሉ ለምን ዝም አለ፣ ዲያስ ጌታውን ሳይክድ ለምን ወርቁን አነሣ፣ ሽማግሌዎቹስ ከበሮ መቺውን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለምን አልረሱትም ብሎ ይጠይቅ። የፈተናው ጥያቄም «ሜክሲኮን ማን ያዘ?» ከሚል ይልቅ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ እርማቱ ለመምህሩ አድካሚ መሆኑ ባይካድም።